ምሰሶው የነበረበት ቦታ

በምስል ስለማሰብ የተጻፈ መጽሐፍ አለኝ። ደሴ መናኸሪያ አጠገብ ከሚቆም አዟሪ ነው የገዛሁት። ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ውስጡ አንድም ሥዕል የለም። ዓይንን ጨፍኖ የሚፈልጉትን ነገር ማየት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ገጽ በገጽ ይነግረናል፤ እንዴት እንደሚታይ የሚናገርበት ቦታ ሲደርስ ምዕራፉ ያልቃል። የደራሲው ፎቶ ግን ከጀርባው አለ። ክራቫት አስሯል፤ ወደ ሩቅ ያያል።

እኔ በቃል የማስብ ሰው ነኝ። ይህን ለረጅም ጊዜ እንደ ማዕረግ ስናገረው ኖሬያለሁ። ጥፋቱን በሙሉ ለራሴ አልወስድም። መካነ ሰላም በተማርኩበት ትምህርት ቤት ደብተር ላይ መሣል ወረቀት ማባከን ነበር፤ ያስገርፋል። የጂኦግራፊ መምህራችን የኢትዮጵያን አዋሳኝ አገሮች ከሰሜን ጀምሮ በቃላችን ያስወርዱናል፤ ካርታው ግን እንዳይቀደድ ተብሎ ተጠቅልሎ ዳይሬክተሩ ቢሮ፣ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ይተኛል። ሦስት ማዕዘንን ሳይቀር በቃል ነው ያጻፉን። «ሦስት ጎኖች ያሉት ዝግ ቅርጽ» ብዬ ጽፌ ሙሉ ማርክ አገኘሁ። እንዲህ ያለ ትምህርት የሚያፈራው እንደኔ ያለውን ነው፤ ስለ ሁሉም ነገር መናገር የሚችል፣ መንገድ የጠየቁት ግን የሚጠፉበት።

አባቴ ሌላ ዓይነት ሰው ነበር። የከብት ደላላ ነው፤ መካነ ሰላም፣ አቀስታ፣ አንዳንዴም አጅባር ገበያ ድረስ እየሄደ ይሠራ ነበር። ትሑት አልነበረም፤ ትሕትና ለዚያ ሥራ አይሆንም። ክርስቲያን ሆኖ ገበያ መሐል «ወላሂ» እያለ ይምል ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «የእኛን መሐላ ማን ያምነዋል?» አለኝ። ከብዙ ዓመት በፊት ያሻሻጠውን በሬ ሲያነሳ አሁን ፊቱ የቆመ ይመስላል። «ያ ዳለቻው፣ ግራ ቀንዱ ወደ ዓይኑ የመጣው፣ ሲቆም የኋላ ቀኝ እግሩን የሚያሳርፈው» ይላል። እኔ ይህን ወሬ ማሳመር ይመስለኝ ነበር። እያየው እንደነበር የገባኝ ዓይኑን ማጣት ሲጀምር ነው።

የዓይን ግፊት ሌባ በሽታ ነው። ከዳር ከዳር ይበላና መሐሉን ይተዋል፤ ታማሚውም አጥርቶ የሚያይ ይመስለዋል። አባቴ መታመሙን ያወቀው ከጎኑ የመጣ ወይፈን ገፍቶ ከጣለው በኋላ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በከብት መካከል የኖረ ሰው ወይፈኑን አላየውም። ደሴ የመረመረው ሐኪም፣ «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን እንጠብቅ» አለ። አባቴ ደግሞ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አየህ፣ እንደ ተሰረቀ በግ ነው» አለ። በመቃ ቀዳዳ ውስጥ እንደማየት ያለ እይታ ነው የቀረው። አፍንጫዬን ሲያይ ጆሮዬን አያይም፤ በሩን ሲያይ ጉበኑን አያይም። አንድ አንዱን ነገር ዓይኑ ይሰጠዋል፤ ሙሉውን ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ራሱ ማቆም ነበረበት።

አቆመውም። እናታችን ከሞተች ወዲህ ብቻውን የሚኖርበት የጭቃ ቤት ጣሪያው መሐል ላይ በአንድ የጥድ ምሰሶ የተደገፈ ነበር፤ የእጅ ወዝ ከወገብ በላይ አለስልሶታል። አባቴ ሁሉንም ነገር የለካው ከምሰሶው ነው። አንድ ነገር በመቃው ቀዳዳ ያይና ዓይኑን ይጨፍናል፤ የት እንዳለ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ከዚያ ከፍቶ ያረጋግጣል። ሲሳሳት ራሱን ይሰድባል፤ ስድቡም ለገዢ ከሚጠቀምበት ስድብ የለሰለሰ አልነበረም። ከበሩ ወደ አልጋው ሲጠናቀቅለት ከአልጋው ወደ በሩ ይጀምራል። «ለምን ሁለት ጊዜ?» አልኩት። «በሬ ስገዛ ፊቱን ብቻ ነው እንዴ የማየው?» አለኝ። በቤቱ ሲረካ ወደ ጓሮው፣ ከጓሮው ወደ ጎረቤት አጥር፣ ከአጥሩ ወደ ገበያው መንገድ ወጣ። ጥቂት ሲቆይ ያለ ዱላ ብቻውን ገበያ ይሄድ ጀመር፤ ሰዎች ዓይኑ ተሻለው ብለው ያወሩ ነበር።

ለዚህ ነገር ሐውልት ላቁምለት አልፈልግም፤ ይሳሳት ነበር። አንድ ቀን ጎረቤት የነበረውን ዋርካ «በግራ በኩል» ብሎ ሲያስረዳኝ ዛፉ ከተቆረጠ ቆይቶ ነበር። ጭንቅላት ውስጥ ያለ ሥዕል ያረጃል፤ ማርጀቱን ግን አይናገርም። ክራቫት ያሰረው ደራሲ ይህንንም አልጻፈው።

አምና ሐኪሙ ግፊቱን የሚቀንስ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል ስላለ አባቴ ደሴ እኔ ዘንድ መጥቶ ከረመ። በዚያው ሰሞን እህቴ ከጅዳ ተመለሰች። ታናሼ ናት፤ ከወጣትነቷ ጀምሮ ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች፤ ለእኔ ትምህርትም ለአባቴ መድኃኒትም የደረሰች። በቀጥታ መካነ ሰላም ገባች። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደወለችልኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ አባባ አጠገብህ ነው? እስቲ ፈቀቅ በል።»

ፈቀቅ አልኩ።

«ቤቱን አፈረስኩት!» አለች። ድምጿ የሠርግ ድምፅ ነበር። «አዲስ ሠርቼለት ሊያልቅ ነው። ድንገት እንዲያየው ነው የምፈልገው። ሐኪሙ ገና ነው ብሏል በልና አቆይልኝ።»

ያለኝን ምክንያት ሁሉ ደረደርኩ። እዚያ ቤት ውስጥ ዓይነ ስውር አይደለም፤ ቤቱ ሲፈርስ ነው ዓይኑ የሚጠፋው አልኩ። ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር። እሷ ግን ሳቀች።

«አንተ መቼ ደስ ብሎህ ያውቃል? አስፋልት ሊመጣ ነው ሲባልም ተቃውመሃል።»

«እኔ የተቃወምኩት ሳይመጣ መመረቁን ነው።»

«ይኸው! እንዲሁ ነህ።»

የሁልጊዜ ተቃዋሚ መሆን ጣጣው ይህ ነው። ልክ በሆንኩበት ቀን ድምፄ ልክ ካልሆንኩባቸው ቀናት ድምፅ አይለይም። ደግሞም ጣሪያው ወርዶ ነበር።

በማግስቱ አባቴ ደጃፌ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። እጁ ጉልበቱ ላይ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል፤ በሐሳቡ ቤቱ ውስጥ እየሄደ ነው። ደሴ ከመጣ ጀምሮ እንዳይረሳው በየማለዳው ያደርገው ነበር። «አሁን ማሰሮው ጋ ደርሻለሁ» አለኝ፤ እግሬን ሰምቶ። እህቴ አቆይልኝ ያለችውን አልቻልኩም። ነገርኩት።

ዓይኑን አልከፈተም። እጁ ብቻ ቆመ።

«ምሰሶውስ?»

«ወርዷል አባባ።»

ይጮሃል ብዬ ነበር። ሲናገር ግን የገበያ ድምፁ ነው የወጣው፤ የሚስማማውም የማይስማማውም ነገር ሲቀርብለት የሚያወጣው፣ ቀዝቃዛው።

«መልካም። በሩ ወዴት ዞሯል?»

እህቴ የላከችልኝን ፎቶዎች አይቼ አስረዳሁት። ሰፊ ነው አልኩ። ብርሃን አለው፤ ዘመናዊ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ያምራል። እያዳመጠኝ ፊቱ እየጠቆረ መጣ።

«የበሬውን ዋጋ ነው የምትነግረኝ» አለ። «በሬውን አላየሁትም።»

ከወጥ ቤት ሰፌድና ባቄላ አስመጣኝ። ግድግዳውን በባቄላ ሥራልኝ፤ በጣቴ ልየው አለ። ፎቶዎቹን ደግሜ አየኋቸው። አንዱ የጣሪያው መብራት ነው፤ አንዱ እህቴ በረንዳው ላይ ቆማ ነው፤ አንዱ የመታጠቢያው መስታወት ሲሆን ውስጡ ስልኩን የያዘው እጇ አለ። ግንበኛው ጋ ደወልኩ፤ «ደረጃውን የጠበቀ ነው ጋሼ፣ አብሽር» አለኝ። ከዚህ ሁሉ ተነስቼ አንድ ቤት ሰፌድ ላይ መዘርጋት ነበረብኝ። ላብ አጠመቀኝ። ሳሎኑ የት እንደሚያበቃ አላውቅም፤ ኮሪደሩ የት እንደሚታጠፍ አላውቅም። ስጨርስ አባቴ በጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መኝታ ቤትዎ።»

«ይሄስ? መሐሉ ላይ ያለው?»

«ሽንት ቤቱ… መሰለኝ።»

«አልጋዬ ላይ? ምቾት ነው እንግዲህ! ልጄ ጅዳ ድረስ የለፋችው ለካ ለዚህ ነው።» ከት ብሎ ሳቀ። ያን ቀን የሳቀውን ሳቅ ከዚያ ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁም። ሲጨርስ ሰፌዱን አራግፎ ባቄላውን አንድ ጥግ ሰበሰበው። «መጀመሪያ ምሰሶውን አስቀምጥ፤ ከዚያ ነው የሚጀመረው።»

«የለም እኮ አባባ።»

«መስማት ሰምቻለሁ። አንተ ግን አስቀምጠው።»

የበር ቁልፌን መሐል ላይ አቆምኩ። ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ ለእህቴ እየደወልኩ ምሰሶው በነበረበት ቦታ ላይ እንድትቆም አደረግኋት፤ ፊትሽ ወዴት ነው፣ በሩ በየት እጅሽ ነው፣ መስኮቱስ እላለሁ። እሷ መጠየቄን እንደ መደሰት ቆጠረችው። እኔም በዚህ ዕድሜዬ ቃል ያልሆነ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ሲቆም አየሁ። በአንድ ጊዜ አይመጣም። አንድ ጥግ ይመጣል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ጥግ ሲመጣ የመጀመሪያው ይሟሟል። ደግሞ መጀመር ነው። ስህተቱ ሲገኝ ግን ሥዕሉ ይጠነክራል፤ ሽንት ቤቱ ከአልጋው ላይ ከተነሳ በኋላ ያንን ጥግ ዳግም አልሳትኩትም። ይህ ነው ያወቅኩት፤ መጽሐፍ ሊሆን አይበቃም።

ቀዶ ጥገናው ተደርጎለት፣ ቤቱም ሲያልቅ ወደ መካነ ሰላም ወጣን። አቀስታ ላይ ጉም ስለነበር አውቶቡሱ መብራት አብርቶ ያዘግማል። አባቴ መንገዱን ሙሉ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ጭኑ ላይ ያንቀሳቅስ ነበር። ተሸናፊ አይመስልም ነበር። አዲስ ከብት ሊያይ የሚሄድ ሰው ይመስል ነበር።

ግቢው ሰው ሞልቶበታል። ጎረቤታችን የሆኑት አሮጊት፣ «ማሻአላህ! እንዲህ ያለ ልጅ አላህ ለሁሉ ይስጥ!» እያሉ እልል አሉ። እህቴ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ አባቴን በክንዱ ይዛ አስገባችው። ገና አንድ እግሩን ሴራሚኩ ላይ ሲያሳርፍ ፊቱ ተለወጠ። ድምፁን ነው የሰማው። የጭቃ ግድግዳ ድምፅ ይውጣል፤ ይህ ቤት ግን የሁሉንም ሰው ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመልሰዋል። ዓይን የሚያየውን ሁሉ ሰፌድ ላይ ሠርተናል፤ ድምፅ ግን በባቄላ አይሠራም።

«እዚህ ይቀመጡ አባባ፤ መስኮቱ ጋ። ሶፋው ለእርስዎ ነው።»

«ቆይ። መጀመሪያ አልጋዬን ልየው። ብቻዬን።»

ክንዱን ከእጇ አላቅቆ ሄደ። ሳሎኑ ባዶ ነው፤ ምንም የሚያደናቅፍ ነገር የለም። መሐሉ ላይ ሲደርስ እጁን ዘረጋ፤ አንድ የማይታይ ነገር እንደ መዳሰስ አድርጎ ዞሮት አለፈ። ሰው ሳቀ። ከበስተኋላዬ አንዱ፣ «ጃጁ መሰለኝ፣ ምስኪን» አለ። እኔ ብቻ ትክክል እንደሄደ አወቅሁ፤ ከምሰሶው ጀምሮ ለመለካት ነው የዞረው። ከዚያ ወደ ግራ ታጠፈ። ኮሪደሩ እንደነገርኩት እዚያው ነበር። እህቴ ያልነገረችኝ ነገር ግን የኮሪደሩ በር ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት መሆኑን ነው። በመቃው ቀዳዳ ውስጥ ከበሩ ወዲያ ያለው ጓሮ ታየው፤ በሩ አልታየውም። በግንባሩ ነው የመታው።

ደሙ ብዙ አልነበረም። እህቴ ግን ጮኸች፤ ደግፋ ሶፋው ላይ አስቀመጠችው፤ አጠገቡ ተንበርክካ ጫማውን አወለቀችለት። «አብሽሩ አባባ። ከእንግዲህ የሚፈልጉትን ሁሉ እኔ አመጣልዎታለሁ። መነሳት የለብዎትም።»

በማግስቱ በረንዳው ላይ ይዣት ተቀመጥኩ። ልወቅሳት ነበር፤ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ቀድማ ተናገረች።

«ጅዳ የምተኛበት ክፍል መስኮት የለውም» አለች። «የልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ይህን ቤት ስሠራ ነው የኖርኩት። መጀመሪያ መስኮቱን ሠራሁ። ከዚያ ሶፋውን። ከዚያ አባባን አስቀመጥኩት፤ መንገዱን እያየ። አንድ ቀን መጋረጃ እቀይራለሁ፤ አንድ ቀን ግድግዳውን እቀባለሁ። እሱ ግን እዚያው ነው፤ አይነሳም። ይህን ባላይ ኖሮ አብጄ ነበር ወንድም ጋሼ።»

መጽሐፉ የሚለውን ሁሉ ሳታነበው አድርጋዋለች፤ ዓይኗን ጨፍና አየች፤ በየቀኑ አየች፤ ያየችውም ሆነ። አባቴም እንደዚያው አድርጓል። ሁለት ሰዎች ለአንድ ቦታ ሁለት ቤት ጭንቅላታቸው ውስጥ አቁመው ኖሩ፤ አንዱም የሌላውን አላየም፤ ገንዘብ ያለው ሥዕል ገንዘብ የሌለውን አፈረሰው። በምስል ማሰብን እንደ በጎነት የሚሰብኩልን ሰዎች ይህን ይንገሩኝ፤ በሌላ ሰው ሥዕል ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንዴት አድርጎ ነው የሚነሳው? እሷ ያየችው አባት ተቀምጦ ነበር። አንድም ቀን ሲሄድ አላየችውም።

አባቴ ለጥቂት ጊዜ ሞከረ። ምልክት ፈለገ፤ ግድግዳው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ለስላሳ፣ ነጭ፣ ቀዝቃዛ። ሁለት ጊዜ ሴራሚኩ ላይ አንሸራተተው። እህቴ በየቀኑ ክንዱን ትይዘዋለች፤ ልትረዳው በያዘችው ቁጥር ደግሞ ጀምሮት የነበረው ሥዕል ይበተናል። ማለዳ ማለዳ ጣቱን ጉልበቱ ላይ ማንቀሳቀሱን ተወ። በመጨረሻም መነሳቱን ተወ። ገበያ አይሄድም። የድሮ ባልንጀሮቹ መጥተው ስለ ከብት ሲያወሩለት፣ «እስቲ ይሁን» ይላል፤ ቀንዱ ወዴት እንደዞረ አይጠይቅም። እህቴ ለግቢው የብረት በር የሚሆን ገንዘብ ቀረኝ ብላ ወደ ጅዳ ተመለሰች፤ እዚያ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ አሁን የምትጨርሰው በሩን ይሆናል። አባቴን አንዲት የሥጋ ዘመዳችን ታየዋለች። ቤቱን ያየ ሁሉ ያደንቃል። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው እያለፉ፣ ልጅ ሲያድግ እንዲህ ነው የሚያደርገው እያሉ ያሳያሉ።

ባለፈው ወር እዚያ ነበርኩ። ኔትወርክ የመጣ ቀን እህቴ በቪዲዮ ደወለች፤ አባባን አሳየኝ አለች። ስልኩን ወደ ፊት ዘርግቼ ከመኝታ ቤቱ ወጣሁ። ሶፋው ላይ፣ መስኮቱ ጋ፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ አርፋ ተቀምጧል።

«ተመስገን» አለች። «ልክ እንደዚህ ነበር እኮ የማየው።»

ወደ እሱ አመራሁ። ባዶው ሳሎን መሐል ስደርስ ሳላስበው ወደ ጎን ታጥፌ ዞሬ አለፍኩ፤ ስልኩም አብሮኝ ዞረ።

«ምን ያዞርሃል ወንድም ጋሼ? ቀጥ ብለህ አትሄድም? ጠጥተሃል እንዴ?»

አባቴ ፊቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ፣ እርምጃዬን ሰምቶ መለሰላት።

«ተዪው» አላት። «ምሰሶ አለ እዚያ።»